«ጅብ» የተባለው ፖስታ

የደሞዝ ቀን ማታ፣ እራቱ ተበልቶ፣
የዱቄት ወተት ጣሳ ከቁም ሳጥን ወጥቶ፣
ፖስታዎቹ ሁሉ ጠረጴዛ ከበቡ፣
ልክ እንደ ዕድርተኛ ስም አስነበቡ።

ኪራይ ከሁሉ ቀድሞ፣ አንገቱን አቅንቶ፣
ልክ እንደ አከራያችን ፈገግታውን ትቶ፤
ጤፍ ሰፊ ቦታ ይዞ፣ ተዘርጥጦ፣ ኮርቶ፤
ዕድር ጥቁር ለብሶ፣ ዕቁብ ዕጣ ሽቶ፤
ትምህርት ቤት እየጮኸ፦ «ደብተር! እስክሪብቶ!»

ከሁሉም ቀጭኑ፣ «ልዩ ልዩ» የሚል፣
የኔው የብቻዬ፣ ሁለት ድራፍት የሚያህል፤
አንድ ደሞ ከታች፣ ጥግ የተሸጎጠ፣
በቀይ ቀለም ስሙ «ጅብ» ተብሎ የተሰጠ።

«ማነው?» አልኳት ስቄ፣ «ስድስተኛ ቤተሰብ?»
«ሌሊት ነው የሚመጣ፣ ማንም ሳያስብ።
ትኩሳት ነው፣ ለቅሶ ነው፣ የጣራ ቀዳዳ፤
ደጅ አያንኳኳም እሱ፣ አይደለም እንግዳ።
ሁለት መቶ በወር ይቆረጥለት ቀለብ።»

እሷ የመንዝ ልጅ ናት፣ የበግ ነጋዴ ዘር፣
ወገቡን ጨብጣ ኪሎውን የምትናገር፤
ማንያህልሻል ትባላለች፤ ስሟን ያወጡት አባቷ
ገና በአራስ ቤት ሳለች ታይቷቸው ነው ጭካኔዋ።
እኔ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ግምጃ ቤት ነው ሥራዬ፣
ሺህ ጥቅል ክር አልስትም፤ የሚጠፋኝ ኪሴ ነው፣ ጌታዬ።

ሕጓ ደሞ ይሄ ነው፦ ፖስታ ቢቸግረው
ከጎረቤት ፖስታ በደረሰኝ ይበደረው።
ዕድር ከጤፍ ሰማንያ፣ ቡታጋዝ ከዕቁብ ሃምሳ፣
ወረቀት ተጽፎ፣ ፊርማ ሳይረሳ።
አንዳንዴ እኩለ ሌሊት ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ፦
«ጤፌ፣ የሰኔዬን ብድር መቼ ትመልሳለህ?»
«እኔ ስጨምር እንጂ፣ መቼ ስቀንስ አየህ?»

ኅዳር ነው። የጠባሴን ሜዳ ውርጭ አልብሶት፣
ወንድይፍራው ጠራኝ፣ «አንድ እንበል» ብሎ፣ በምሽት።
«ልዩ ልዩ» ባዶ ነው፣ ብርድ ገብቶበታል፤
ጅብ ግን ሆዱ ተነፍቶ፣ ጠግቦ ተኝቷል።
ሦስት መቶ አነሣሁ፤ ሕጉን ግን አልጣስኩም፣
ደረሰኝ ሳልተው ከቤት አልወጣሁም።
ስሜን ልጽፍ ብዬ እጄ ቢያመነታ፣
«ተበድሬያለሁ — ጅቡ» ብዬ ከተትኩ በፖስታ።

በሦስተኛው ሌሊት እውነተኛው መጣ፤
የትንሿ ሜላት ትኩሳቷ ወጣ።
ለባጃጅ፣ ለካርድ፣ ለመድኃኒት፣
ማንያህልሻል ሮጠች ወደ ጣሳው፣ በሌሊት።
አንድ መቶ ብር።
አንድ ወረቀት።

አነበበች ቆማ፣ ልጅ በክንዷ ታቅፋ፤
እንደገና አነበበች፣ ወደ አምፖሉ አስጠግታ፤
ከዚያ — ምድር ብትውጠኝ ስመኝ —
ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ። ትኩሳታሟም ልጅ ሳቀች፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ።
ከጎረቤት ግቢ ውሻ ጮኸ አሁን፤
«ጅብ ከሄደ...» አለች፣ አልጨረሰችውም ተረቱን።

እትዬ ጌጤነሽ አበደሩን፣ በነጠላ ጫፍ ከቋጠሩት፤
ቶንሲል ነው ተባለ፤ ሲነጋጋ ሜላት ጠየቀች ብስኩት።

በታኅሣሥ ደብተር ላይ አዲስ ገጽ ተከፈተ፦
«ከጅቡ የሚሰበሰብ» በቀይ ተሰመረበት።
«በወር ስልሳ ስልሳ። ወለዱ፦ የልጆች ካልሲ አጠባ፣
በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሚያዝያ እስኪገባ።»

አጠብኩ። የደብረ ብርሃንን ውኃ በታኅሣሥ የነካ
ያውቀዋል፤ ጣት የሰው መሆኑ ያጠራጥራል ለካ።
ሠፈሩም ሰማ፤ እትዬ ጌጤነሽ ጠዋት በአጥር ላይ ብቅ ብለው
«እንዴት አደርክ፣ አያ ጅቦ? በላህ ዛሬ?» ይሉኛል፣ ሳቃቸውን ውጠው።

ትናንት የመጨረሻዋን ስልሳ ልከት ፖስታውን ብከፍተው፣
ያ የኅዳሩ ደረሰኝ አለ፣ አልቀደደችው፤
ከፊርማዬ ሥር በጠባብ ጽሕፈቷ፣ በቀይ፣ እንዲህ ይላል፦
«ጅብ ሁሉ ይበላል። የኔው ግን ይፈርማል።»